ፀሐይን የጋረደ አውሮፕላን የለም፤ ዝናብን የሚነካ ብናኝ ግን አለ

አጎቴ ደምቢያ ውስጥ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራ ገበሬ ነው። ለሰርግ፣ ለለቅሶ ወይም የእህል ዋጋ ለመጠየቅ ካልሆነ አይደውልም። ባለፈው እሑድ ግን ቅዳሴ ሳይወጣ ደወለና፣ «አንተ ልጅ፣ ፀሐይዋን በመድኃኒት ጋርደዋታል የሚሉት እውነት ነው እንዴ? ዝናቡም ዘንድሮ አይጥልም፣ እህሉም ፍሬ አይይዝም አሉ። መሬቱን ለእኩል ሰጥቼ አርፌ ልቀመጥ?» አለኝ። ልጁ ከስልኩ ያነበበለት ጽሑፍ ኖሯል። በማግስቱ ተማሪዎቼ ያንኑ ጽሑፍ ይዘው መጡ፤ «ቲቸር፣ ይሄን አይተውታል?»

እዚህ ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። አንድ ገበሬ ባነበቡለት ነገር ምክንያት ማሳውን ለመልቀቅ ሲያስብ ዝም ማለት አልችልም።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። አውሮፕላኖች ጎንደር ሰማይ ላይ የሚተዉት ነጭ መስመር ፀሐይን ለመጋረድ የሚረጭ ኬሚካል ነው። ኅዳር ላይ አፋር ውስጥ የፈነዳው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ አመድ እስካሁን ከላያችን አልወረደም፤ የሰሞኑ ጭጋግም እሱ ነው። ማታ ማታ ሰማዩ ደም የሚመስለው ከዚሁ መርዝ የተነሳ ነው። የቅድመ አያቶቻችን ክፉ ቀንም የመጣው ክራካታው የሚባል የኢንዶኔዥያ ተራራ ፈንድቶ ፀሐይን ስለጋረደ ነው። አሁንም ብርሃን ስለቀነሰ ጤፋችን አያፈራም። መጨረሻው ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለ፦ በሰማያችን ላይ ይህን ለማድረግ ማን ፈቀደላቸው?

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ለወገናቸው ተጨንቀው እንደጻፉ ግን ያስታውቃል፤ ስለዚህ እኔም በየነጥቡ በአክብሮት እመልሳለሁ። እ.ኤ.አ. ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ከነጩ መስመር ልነሳ። የመንገደኛ አውሮፕላን ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይበራል። እዚያ ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪና ከዚያም የባሰ ነው። ነዳጅ ሲቃጠል ከጭሱ ጋር የውሃ እንፋሎት ይወጣል፤ ጥር ላይ ደባርቅ በማለዳ የቆመ ሰው ትንፋሹ እንደሚጨስ ሁሉ ያ እንፋሎት በብርዱ ወዲያው ወደ ጥቃቅን በረዶ ይለወጣል። የምናየው ነጭ መስመር ይህ በረዶ ነው። ጸሐፊው «አንዳንዱ መስመር ወዲያው ይጠፋል፣ አንዳንዱ ግን ሰዓት ሙሉ ቆይቶ ይሰፋል፤ ስለዚህ የሚሰፋው ኬሚካል ነው» የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ልዩነቱን ያመጣው የላይኛው አየር እርጥበት ነው። የታጠበ ልብስ ጥር ላይ ካሰጡት ከሰዓት በኋላ ይደርቃል፤ ሐምሌ ላይ ሁለት ቀንም አይበቃው። ሳሙናው ያው ነው፣ ውሃውም ያው ነው። አየሩ ደረቅ ሲሆን በረዶው ወዲያው ይተናል፤ አየሩ በእርጥበት የጠገበ ሲሆን ግን ይቆያል፣ ነፋስ ሲያገኘውም ተዘርግቶ ስስ ዳመና ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳምነው ግን ከፍታው ነው። ፀሐይን ለወራትና ለዓመታት የሚያደበዝዝ ብናኝ ሊቆይ የሚችለው ስትራቶስፌር በሚባለው የከባቢ አየር ክፍል ብቻ ነው፤ እዚያ ዝናብ የለም፣ የሚያጥበውም የለም። እኛ ባለንበት የምድር ወገብ አቅራቢያ ይህ ክፍል የሚጀምረው ከ16 ወይም ከ17 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ራስ ዳሽንን ሦስት ጊዜ ብንደራርበው እንኳ አይደርስበትም። የመንገደኛ አውሮፕላንም አይደርስበትም። ከዚያ በታች ያለው አየር ዳመናና ዝናብ የሚመላለስበት ስለሆነ እዚያ የተበተነ ብናኝ በቀናት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ መሬት ይመለሳል። ፀሐይን ለመጋረድ የሚፈልግ ሰው ቢኖር እንኳ ከዚያ ከፍታ መርጨት ድካም ብቻ ይሆንበታል።

የአውሮፕላን መስመር ግን ምንም ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም። በአንድ ላይ ሲታሰብ የሚያደርገው የጸሐፊው ፍርሃት ተቃራኒ ነው፦ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት እንደ ጋቢ ይይዛል፣ ምድርንም ትንሽ ያሞቃል።

ወደ ሃይሊ ጉቢ እንሂድ። ተራራው ኅዳር 14 ቀን 2018 ፈነዳ፤ አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ። አፍዴራ አካባቢ ያሉ አርብቶ አደሮች ግጦሻቸው በአመድ ተሸፍኖባቸዋል፤ ስለ እነሱ ከዚህ በላይ ሊጻፍ ይገባ ነበር። ለእኛ ግን አፋር በስተምሥራቅ ነው፣ በዚያ ከፍታ የነበረው ነፋስ ደግሞ አመዱን ይዞ የሄደው ወደ ምሥራቅ ነው፦ ቀይ ባሕርን አሻግሮ ወደ የመን፣ ወደ ኦማን፣ ከዚያም ወደ ፓኪስታንና ሕንድ። በረራዎች የተሰረዙት ሕንድ ውስጥ ነበር። አመድ ማለት የተፈጨ ድንጋይ ነው፤ ከባድ ስለሆነ በቀናት ውስጥ ይረግፋል። ኅዳር የተነሳ አመድ መጋቢት ላይ ጎንደርን ሊያጨልም አይችልም።

የሰሞኑ ጭጋግስ? በዚህ ወቅት ከሱዳን በኩል የሚነፍሰው ነፋስ የበረሃ አቧራ ያመጣል፤ ከመተማና ከቋራ ቆላ የሚቃጠለው ሣርና የማሳ ገለባ ጭስ ይጨመርበታል፤ ከየቤታችን የሚወጣው የማገዶ ጭስም አለ። ይህ ሁሉ የሚንሳፈፈው ታች፣ እኛው በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ነው። ለሳንባ መጥፎ ነው፤ የእናቶቻችን ዓይንና ደረት ምስክር ነው። የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ግን አጥቦት ይሄዳል።

ስለ ቀዩ ሰማይ ስከራከር አልዋልኩም፤ ክፍል ውስጥ አሳየኋቸው። መስኮቱን በጨርቅ ጋረድን። አንዲት ተማሪ ብርጭቆ ውሃ ያዘች፣ ሌላው የስልኩን መብራት ከብርጭቆው ጀርባ አበራ። ንጹሕ ውሃ ስለነበር መብራቱ ነጭ ሆኖ ታየ። ከዚያ ሦስት አራት ጠብታ ወተት ጨመርንበት። ብርጭቆውን ከጎን ያዩት «ሰማያዊ ሆነ!» አሉ፤ ፊት ለፊት ቆመው በውሃው ውስጥ መብራቱን ያዩት ደግሞ «ኧረ ብርቱካናማ ነው!» ብለው ተከራከሩ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። በውሃው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የወተት ቅንጣቶች ሰማያዊውን ብርሃን ወደ ጎን ይበትኑታል፤ ቀዩ ግን ሳይበተን ቀጥ ብሎ ያልፋል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ብርሃኗ እኛ ጋ ለመድረስ ብዙ አየር ማቋረጥ ስላለበት፣ በመንገዱም ጭስና ብናኝ ስለሚያጋጥመው እንደዚያ ይቀላል። ለዚህ መርዝ አያስፈልግም፤ ወተት ይበቃል።

ግን ጸሐፊው ያነሱት ነገር ፈጽሞ መሠረት የለውም አልልም። ብናኝ እውነትም ስትራቶስፌር ሲደርስ የማታው ሰማይ ይለወጣል። ከክራካታው ፍንዳታ በኋላ አሜሪካ ውስጥ የምሽቱ ቅላት ቃጠሎ መስሏቸው የእሳት አደጋ ሠራተኞች የወጡባቸው ከተሞች ነበሩ። መለየት ለሚፈልግ ሰው አንድ ዘዴ ልንገር። ታች ያለ አቧራና ጭስ የሚያመጣው ቅላት ጀምበር ስትገባ አብሮ ይደበዝዛል። 20 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ብናኝ ግን እኛ ከጨለመብን በኋላም ፀሐይ ታገኘዋለች፤ ስለዚህ ጀምበር ከጠለቀች ሩብ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሰማዩ እንደገና ሐምራዊ ሆኖ ይደምቃል። በዚህ በጋ ከቁስቋም በኩል ቆሜ ብዙ ምሽት አይቻለሁ። ቅላቱ ከጀምበሯ ጋር ይገባል፣ ተመልሶ አይመጣም። የምናየው የታችኛውን አየር ነው።

እውነተኛው መጋረጃ ከምን እንደሚሠራ ደግሞ ጽሑፉ አላብራራም። ፀሐይን የሚጋርደው አመዱ አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ጋር ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ አገሬው ድኝ ከሚለው ማዕድን የሚገኝ ነው። ጋዙ ስትራቶስፌር ከደረሰ በሳምንታት ውስጥ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ የሰልፈሪክ አሲድ ጠብታ ይሆናል። ጠብታዋ ከሰው ፀጉር ውፍረት ከመቶ አንድ ብትሆን ነው። እነዚህ ጠብታዎች ምድርን ይዞሩና ከፀሐይ ከሚመጣው ብርሃን ጥቂቱን ወደ ሕዋ ይመልሳሉ።

ፊሊፒንስ ውስጥ ያለው ፒናቱቦ የፈነዳው ሰኔ 8 ቀን 1983 ነው። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከገባ 18 ቀን ሆኖታል፤ እዚህ ሰማይ ቀና ብሎ ለማየት ጊዜ የነበረው ሰው አልነበረም። ተራራው ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ቶን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወደ ላይ ላከ፤ በቀጣዩ ዓመት የምድር አማካይ ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ያህል ቀነሰ፤ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ጠብታዎቹ ረግፈው ሙቀቱ ተመለሰ። ከሃይሊ ጉቢ የወጣው አንድ ሚሊዮን ቶን እንኳ አይሞላም። ድንበራችን አጠገብ ኤርትራ ውስጥ ያለው ናብሮ ሰኔ 2003 ሲፈነዳ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ አውጥቶ ነበር። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተን በአመዱ ምክንያት የአዲስ አበባ ጉብኝታቸውን አሳጥረው የሄዱት ያኔ ነው። የናብሮ ብናኝ ስትራቶስፌር ደርሶ በሳተላይት ታይቷል፤ ግን እኛ በሰውነታችን የምናውቀው ብርድ አላመጣም።

አሁን ክፉ ቀን። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር፤ የቤታችን ታሪክ ነውና። ክራካታው የፈነዳው ነሐሴ 1875 ነው። ብናኙ እንደ ሌሎቹ በሁለት ሦስት ዓመት ረግፏል። ክፉ ቀን የጀመረው 1880 ነው። ተራራው የጋረደው ብርሃን ከተመለሰ በኋላ ማለት ነው። ያን ረሃብ ያመጣው በመጀመሪያ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ነበር፤ ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር ገባ። በሬ አለቀ፣ ሞፈር የሚጎትት ጠፋ። በዚያ ላይ ዝናብ ቀረ፤ አንበጣና ተምች የተረፈውን በሉት። ጎንደርን ደግሞ በዚያው በ1880 ድርቡሽ ገብቶ አቃጠላት፤ አብያተ ክርስቲያናቷ ነደዱ፣ ሰው ታርዶና ተማርኮ ሄደ። በመላ አገሪቱ ከሕዝቡ ሲሶው እንዳለቀ ይነገራል። ይህን ሁሉ ለአንድ ሩቅ ተራራ መስጠት በሬውን፣ ጦሩንና ወረራውን ከታሪኩ መፋቅ ነው። ደስታ በሽታ ከምድር መጥፋቱ የታወጀው ሰኔ 2003 ነው፤ ያጠፋው ክትባት ነው። አያቶቻችን የሞቱበት ምክንያት ስሙ በትክክል ሊጠራ ይገባዋል።

ጸሐፊው ትክክለኛውን ታሪክ በተሳሳተ ቦታ ፈለጉት እንጂ እሳተ ገሞራ ከእኛ ዝናብ ጋር ግንኙነት እንዳለው የሚያሳይ ነገር ሞልቷል። አይስላንድ ውስጥ ላኪ የተባለው ስንጥቅ በ1775 ተከፍቶ ለስምንት ወር ሲተፋ ወደ 120 ሚሊዮን ቶን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወጣ። ጎንደር ላይ ፍጻሜ መንግሥት የሚባሉት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ በዙፋን ላይ ነበሩ። በዚያ ክረምት ግብፅ ውስጥ ናይል ሳይሞላ ቀረ። በዚያ ዘመን ግብፅ የነበረው ፈረንሳዊ ተጓዥ ቮልኔ፣ በተከታታይ ከመጣው ረሃብ የተነሳ ከሕዝቡ ስድስት እጅ አንዱ ሞቶና ተሰድዶ እንዳለቀ ጽፏል። የናይል ሙላት ደግሞ ከሰማይ የወረደ የግብፅ ዝናብ አይደለም፤ የእኛው ክረምት ነው። ከጣና፣ ከአባይ፣ ከተከዜ የሚወርድ ውሃ ነው። ካይሮ ላይ ናይል ጎደለ ማለት እዚህ ደጋው ላይ ዝናብ ቀረ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት የዚያን ዓመት ድርቅ በኮምፒውተር ሞዴል አስልቶ ከላኪ ጋር አገናኝቶታል። አላስካ ውስጥ ካትማይ በ1904 ሲፈነዳም በቀጣዩ ክረምት የናይል ውሃ እጅግ ቀንሷል።

ምክንያቱ ለገበሬ ባዕድ አይደለም። ክረምት የሚገባው በበጋው መጨረሻ መሬቱ ግሎ ከባሕር እርጥብ ነፋስ ስለሚስብ ነው። ብናኙ የሰሜኑን ንፍቀ ክበብ ሲያቀዘቅዘው ያ ስበት ይደክማል፤ ዝናብ የሚያዘንበውም ቀበቶ ወደ ደቡብ ይሸሻል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ1900 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ከሰሐራ በረሃ በስተደቡብ ባለው የሳህል ቀጠና ከታዩት እጅግ ደረቅ አራት ክረምቶች ሦስቱ የመጡት ሰሜን ንፍቀ ክበብ ላይ ትልቅ ፍንዳታ ከደረሰ በኋላ ነው። አንዱ ፍንዳታ በ1974 ሜክሲኮ ውስጥ የፈነዳው ኤል ቺቾን ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን እናውቀዋለን። ሰባ ሰባትን ግን ለተራራ ብቻ አልሰጥም፤ ጦርነት ነበር፣ ረሃቡ ተደብቆ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በድግስ ተከብሯል። የአውሮፓና የአሜሪካ ፋብሪካዎች ለአሥርት ዓመታት የለቀቁት የድንጋይ ከሰል ጭስም ሰሜኑን በማቀዝቀዝ የሳህልን ዝናብ እንዳዳከመ ብዙ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። የሰማይ ብናኝ እኛን የሚነካን በዚህ በኩል ነው፦ በዝናብ።

በብርሃን በኩልስ? ይህን ባጭሩ ልመልስ። ከፒናቱቦ በኋላ በቀጥታ ከፀሐይ የሚመጣው ጨረር ጎላ ብሎ ቢቀንስም፣ የተበተነው ብርሃን ከየአቅጣጫው ስለጨመረ በጠቅላላው የጎደለው ጥቂት በመቶ ነው። እንዲያውም አሜሪካ ውስጥ በተለካ አንድ ደን፣ ጥላ ውስጥ የነበሩ ቅጠሎች የተበተነውን ብርሃን አግኝተው ዛፎቹ በብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩበት መጠን ከፍ ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት ግን በምድር ላይ የዘነበው ዝናብና የወንዞች ውሃ ቀንሷል። ጤፍ የሚጎዳው ዝናብ ሲቀርበት ነው።

የቀረው የጸሐፊው የመጨረሻ ጥያቄ ነው፤ ማን ፈቀደላቸው? ይህ ጥያቄ ከጽሑፉ ሁሉ የተሻለው ነው። ጎንደር ላይ ዛሬ የሚረጭ ማንም የለም። ሐሳቡ ግን አለ። በኦዞን ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ1995 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ፓውል ክሩትዘን እ.ኤ.አ. በ2006 ሰልፈር ስትራቶስፌር ውስጥ በመበተን ምድርን ስለማቀዝቀዝ ይጠና ብለው ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ጥናቱ ቀጥሏል። የአሜሪካው ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስዊድን ውስጥ ኪሩና ላይ በባሎን ሊያደርጉት ያሰቡት የመሣሪያ ሙከራ የአካባቢው ነባር ነዋሪ ከሆነው ከሳሚ ሕዝብ ተቃውሞ ስለገጠመው እ.ኤ.አ. በ2021 ቆመ፤ የሐርቫርዱ ፕሮጀክት ራሱም እ.ኤ.አ. በ2024 ተዘጋ። የሳሚ ሕዝብ ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሰነዱን አንብቦ፣ ስሙን ጠርቶ ስለተቃወመ ተሰማ።

እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ሰልፈሩ ቢረጭ ምድርን የሚያሞቀው ካርቦን ከአየሩ አይነሳም፤ ባሕሩም አሲድ መሆኑን አያቆምም። አንድ ቀን በጦርነት ወይም በገንዘብ እጦት መርጨቱ ቢቋረጥ ታፍኖ የቆየው ሙቀት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይመለሳል። በሰሜኑ በኩል ብቻ ቢረጭ ደግሞ በላኪና በካትማይ ጊዜ ያየነው ነው፤ እነሱ ይቀዘቅዛሉ፣ ዝናቡ ከእኛ ይሸሻል። የአፍሪካ የአካባቢ ሚኒስትሮች ነሐሴ 2015 አዲስ አበባ ተሰብስበው ይህ ቴክኖሎጂ ጥቅም ላይ እንዳይውል ዓለም አቀፍ አሠራር ይበጅ ብለዋል። የካቲት 2016 ናይሮቢ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ ጉዳዩ ቀርቦ ስምምነት ሳይገኝ ቀረ። ክርክሩ አልተዘጋም። እዚያ የሚቀርበው የእኛ ጉዳይ የላኪንና የናይልን ታሪክ ይዞ ቢቀርብ የሚመልስ አይገኝም፤ የአውሮፕላን መስመር ፎቶ ይዞ ቢቀርብ ግን በአንድ ደቂቃ ይጣላል፣ እውነቱም አብሮ ይጣላል።

ስለዚህ ጸሐፊውን የምለምነው ይህን ነው። የአውሮፕላኑንና የሃይሊ ጉቢውን አንቀጽ ያንሱት፤ ክፉ ቀንን ያርሙት፤ የክራካታውን ቦታ ለላኪ ይስጡት። የመጨረሻውን ጥያቄ ግን እንዳይነኩት።

ለአጎቴም መልሼ ደወልኩለት። መሬቱን እንዳይሰጥ፣ ግንቦት መጨረሻ ገደማ የሚወጣውን የክረምት ትንበያ እንዲጠብቅ፣ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ጋር እንዲነጋገር ነገርኩት። «እና ፀሐይዋ ደህና ናት?» አለኝ። ደህና ናት አልኩት። «እንግዲያው ማሳውን ልገልብጠው» ብሎ ስልኩን ዘጋው።